ቢቲ ሰብልና የተላመደ ትል፦ ጥፋቱ የዘሩ ነው ወይስ የአዘራሩ?

ጥያቄ፦ «ትል አይነካውም ተብሎ በተሸጠ ልውጥ በቆሎ ላይ በሕይወት ያለ ትል በዓይኔ አየሁ። አንዳንዱ ‹ልውጡ ዘር የማይሞት ትል ፈጠረ› ይላል፤ ሌላው ‹ትል የገደለ ሰውንም አይምርም› ይላል። ዘር ሻጮቹ ደግሞ ከማሳው ላይ የተወሰነውን በተራ ዘር ‹መጠለያ› አድርገህ ዝራ ይላሉ። ይህ ለትል ቀለብ መስፈር አይደለም ወይ? ዘሩን ልዝራ ወይስ ልተወው?»

ምላሽ፦

ልውጥ፣ ማለትም ዘረመሉ በቤተ ሙከራ የተቀየረ ሰብል ሁሉ ትል አይገድልም። በዓለም ላይ በስፋት የሚዘሩት ልውጥ ሰብሎች በአብዛኛው ከሁለት ባህርያት አንዱን ወይም ሁለቱንም ይይዛሉ። አንደኛው ተክሉ በቅጠሉና በግንዱ ውስጥ ትል ገዳይ ፕሮቲን እንዲሠራ ያደርጋል፤ ቢቲ የሚባለው ይህ ነው። ሁለተኛው ተክሉ እንደ ግላይፎሴት ያለ ፀረ አረም ቢረጭበት እንዳይሞት ያደርጋል። «የማይሞት አረም መጣ» የሚለው ወሬ የሚመለከተው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ መነሻውም አንድን ፀረ አረም ዓመት ከዓመት ያለ ተቀያሪ መርጨት ነው። ስለዚህ ሙግት ከመግጠም በፊት በከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይቀድማል። ጥያቄዎ ስለ ቢቲ ስለሆነ ከዚህ በታች የምጽፈውም ስለ እሱ ብቻ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፕሮቲኑ ምንጭ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የተባለ በአፈር ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። በ1901 ጃፓናዊው ኢሺዋታ በታመሙ የሐር ትሎች ላይ አገኘው፤ በ1915 ጀርመናዊው በርሊነር ዛሬ የሚጠራበትን ስም ሰጠው። ባክቴሪያው ራሱ ተባዝቶ በርጭት መልክ መሸጥ ከጀመረ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ሰው ሠራሽ ኬሚካል የማይነኩ የኦርጋኒክ አምራቾችም ይረጩታል። ልውጡ ተክል የሚሠራው ከዚህ ባክቴሪያ ፕሮቲኖች አንዱን፣ አንዳንዴም ሁለት ሦስቱን ነው።

ፕሮቲኑ በንክኪ አይገድልም፤ መበላት አለበት። የአባጨጓሬ የመሃል አንጀት ከሰው ጨጓራ በተቃራኒ አልካላይን ነው፤ ፒኤቹ ከ9 በላይ ይደርሳል። ፕሮቲኑ እዚያ ይሟሟል፣ በአንጀቱ ኢንዛይሞች ተቆርጦ ይነቃል፣ ከዚያም በአንጀቱ ግድግዳ ሕዋሳት ላይ ካሉ ልዩ ተቀባዮች ጋር ተጣብቆ ሕዋሳቱን ይበሳል። ትሉ በሰዓታት ውስጥ መብላት ያቆማል፤ የሚሞተው ግን ብዙውን ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ይህችን የቀናት ልዩነት ያስታውሷት፣ ወደ ኋላ ትጠቅመናለች። ፕሮቲኑና ተቀባዩ እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ናቸው። የሰው አንጀት ጓጉንቸሩ የለውም፤ ጨጓራችንም አሲዳማ ስለሆነ ፕሮቲኑን እንደማንኛውም ፕሮቲን ይፈጨዋል። ከእነዚህ ፕሮቲኖች አባጨጓሬ የሚገድለው ክራይ1 የሚባለው ወገን ጢንዚዛን፣ ጢንዚዛ የሚገድለው ክራይ3 ደግሞ አባጨጓሬን የማይጎዳው በዚሁ ምክንያት ነው። «ትል የገደለ ሰውን አይምርም» የሚለው አባባል ለብዙ የኬሚካል መርዞች ሊሠራ ይችላል፤ እዚህ ግን አይሠራም።

ይህን ስል ግን «ልውጥ ሁሉ ያለ ጥርጥር ደህና ነው» ማለቴ አይደለም። ደህንነት የሚመረመረው በጅምላ ሳይሆን እያንዳንዱ ፕሮቲንና እያንዳንዱ ዝርያ ለየብቻው ነው። ስታርሊንክ የተባለው በቆሎ የያዘው ክራይ9ሲ ፕሮቲን በምግብ መፈጨት ወቅት ቶሎ ስለማይፈርስ አለርጂ ያመጣ ይሆን የሚል ጥርጣሬ ነበረ፤ በዚህም ምክንያት በአሜሪካ የተፈቀደው ለእንስሳት መኖ ብቻ ነበር። በ2000 በሰው ምግብ ውስጥ ተቀላቅሎ ተገኘና ምርቶቹ ከገበያ ተሰበሰቡ። ከሰብሉ ይልቅ የተበላሸው ለመኖና ለምግብ የሚሆነውን ለያይቶ የማቆየቱ ሥራ ነበር። በቢራቢሮ ላይ የተነሳው ስጋትም እንዲሁ በዝርዝሩ ነው የሚታየው። በ1999 በቤተ ሙከራ የቢቲ በቆሎ የአበባ ብናኝ የሞናርክ ቢራቢሮን እጮች እንደሚጎዳ ተዘገበ። በ2001 የወጡት የማሳ ጥናቶች ደግሞ እጮቹ በሜዳ የሚያገኙት የብናኝ መጠን በአብዛኞቹ ዝርያዎች ዘንድ አደጋው እጅግ ዝቅተኛ መሆኑን አሳዩ፤ በብናኙ ውስጥ ብዙ ፕሮቲን የነበረው አንድ ዝርያ ቢቲ176 ግን በእርግጥ ጎጂ ነበር፣ ከገበያም ወጣ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2016 ባወጡት ሰፊ ግምገማ በዚያን ጊዜ ገበያ ላይ የነበሩት ልውጥ ምግቦች ከተለመዱት የበለጠ ጤና ይጎዳሉ የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኙም። የሚበላውን ሰው በተመለከተ ያለው ይህ ነው። የእኔ ስጋት ግን ሌላ ቦታ ነው፤ እሱም በትሉ በኩል ነው።

«ልውጡ ዘር የማይሞት ትል ፈጠረ» የሚለው ግማሹ ስህተት፣ ግማሹ እውነት ነው። ስህተቱ «ፈጠረ» የሚለው ላይ ነው። ተክሉ የትሉን ዘረመል አይነካም። ፕሮቲኑን የሚያስቋቁመው ለውጥ ሰብሉ ገና ሳይዘራ በእጅግ ጥቂት ትሎች ውስጥ ያለ ነው፤ ብዙ ጊዜ የአንጀቱ ተቀባይ ተበላሽቶ ፕሮቲኑ መጣበቂያ ሲያጣ የሚታይ ነው። ሌሎቹ ሲያልቁ እነዚህ ይቀራሉ፣ ይራባሉ። ይህ የልውጥ ሰብል ልዩ ጠባይ አይደለም። በአሜሪካ የፍራፍሬ ዛፎች ላይ የሚገኝ ነፍሳት የኖራና የድኝ ድብልቅን መቋቋሙን ሜላንደር የተባለ ተመራማሪ የጻፈው በ1914 ነው። የጎመን የእሳት እራት በሃዋይ የቢቲ ርጭትን በማሳ ላይ መቋቋሟ የተዘገበው በ1990 ነው፤ ቢቲ ሰብል በሰፊው መዘራት የጀመረው ደግሞ በ1996። ይባስ ብሎ በአሜሪካዋ ኢሊኖይ ግዛት የበቆሎ ሥር ትል ሰብል ማፈራረቅን ራሱን ተላመደ፦ በቆሎና አኩሪ አተር ሳይቋረጥ ሲፈራረቁ፣ እንቁላላቸውን በአኩሪ አተር ማሳ የሚጥሉ፣ ትሉን የሚፈለፍሉ ጢንዚዛዎች በዙ፤ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው በቆሎ እንደሚዘራ የሚያውቁ ያህል። ምንም መድኃኒት ሳይኖር ማለት ነው።

እውነቱ ግማሽ ደግሞ ይህ ነው። ርጭት ሲያስፈልግ ይረጫል፣ በቀናት ውስጥም ኃይሉ ያልቃል። ቢቲ ተክል ግን ትል ይኑርም አይኑርም ከበቀለበት ቀን ጀምሮ ማጣሪያውን አያነሳም። አካባቢው በሙሉ አንድ ዓይነት ፕሮቲን ከዘራ ተቋቋሚ ያልሆነ ትል የሚተርፍበት ቦታ አይኖርም። ስለዚህ «መላመድ በየትም ያለ ነው፣ ዘሩን አትውቀሱት» የሚሉ ሻጮችም ያጭበረብራሉ፤ አዘራሩ ካልተስተካከለ ዘሩ መላመዱን ያፋጥነዋል።

አሁን ወደ መጠለያው። አዎ፣ ለትል ቀለብ መስፈር ነው፤ ሆነ ተብሎ። ሒሳቡ እንዲህ ነው። የመቋቋም ዘረመሉ ከ1,000 ቅጂዎች አንዱ ላይ ይገኛል እንበል። እያንዳንዱ ትል ከአባቱ አንድ፣ ከእናቱ አንድ ቅጂ ይወርሳል። ከሁለቱም የወረሰ ትል ከሚሊዮን አንድ ነው፤ ከአንዳቸው ብቻ የወረሰ ግን ከ1,000 ሁለት ያህል ነው። ተክሉ በቂ ፕሮቲን ካለው አንድ ቅጂ ብቻ የያዘው ይሞታል፤ የሚተርፈው ሁለቱንም የያዘው ብርቅዬ ነው። 10 ሚሊዮን ትል በፈለፈለበት አካባቢ አሥር ያህል ይተርፋሉ ማለት ነው። መጠለያ ከሌለ እነዚህ አሥሩ እርስ በርስ ይጋባሉ፣ ልጆቻቸው በሙሉ ተቋቋሚ ይሆናሉ፤ በጥቂት ትውልድ ነገሩ አበቃ። መጠለያ ካለ ግን በአጠገባቸው በሺህ የሚቆጠሩ ተጠቂ፣ ማለትም ፕሮቲኑን የማይቋቋሙ የእሳት እራቶች (ትሉ ሲያድግ የሚሆነው) ስለሚበሩ እያንዳንዷ ተቋቋሚ የምታገኘው ተጠቂ ተጓዳኝ ነው። ልጆቻቸው አንድ ቅጂ ብቻ ይይዛሉ፣ ቢቲውን ሲበሉም ይሞታሉ። በዕቅድ የሚታለመው ለአንድ ተቋቋሚ ቢያንስ 500 ተጠቂ እራቶች እንዲገኙ ነው። በመጠለያው የሚያጡት ምርት የዚህ ዋጋ ነው።

ሒሳቡ የሚሠራው ግን ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፤ የጎደለው ባለበት ሁሉ ውድቀቱም እዚያው ታይቷል። አንደኛ፣ የተክሉ ፕሮቲን ተጠቂውን ትል ለመግደል ከሚያስፈልገው 25 እጥፍ ያህል እንዲሆን ይፈለጋል፤ ይህ ከሆነ አንድ ቅጂ የያዘው አያመልጥም። የበቆሎ ሥር ትልን ለመግደል በ2003 የወጣው ክራይ3ቢቢ1 ይህን መጠን አያሟላም ነበር። አንዳንድ የአሜሪካዋ አይዋ ግዛት ገበሬዎችም ያንኑ በቆሎ በዚያው ማሳ ቢያንስ ሦስት ዓመት ደጋገሙት፤ በ2009 ከእነዚሁ ማሳዎች የተሰበሰቡት ጢንዚዛዎች ልጆች ፕሮቲኑን ተቋቁመው ተገኙ፣ ግኝቱም በ2011 ታተመ። ሁለተኛ፣ የመቋቋም ዘረመሉ ከመጀመሪያው ብርቅ መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ መጠለያው በወረቀት ላይ ሳይሆን በማሳ ላይ መኖር አለበት። በፖርቶ ሪኮ መጤ ተምች ክራይ1ኤፍን የተላመደው በሦስት ዓመት ውስጥ ነው፤ ደሴቷ ጠባብ ናት፣ በቆሎ ዓመቱን ሙሉ ይበቅላል፣ ተምቹም ትውልድ በትውልድ ላይ ይደራርባል። በደቡብ አፍሪካ ቢቲ በቆሎ በ1998 መዘራት ጀመረ፤ የአፍሪካ አገዳ ቆርቁር መላመዱ በ2007 ተዘገበ።

የጥጥ ፍሬ የሚበላው የሮዝ ጓይ ትል ታሪክ ሦስት አገር ላይ ሦስት መልክ ስላለው ለብቻው ይታይ። ትሉ አንድ ነው፣ ሰብሉም ያው ጥጥ ነው፣ ፕሮቲኑም ክራይ1ኤሲ ነው። በአሜሪካዋ አሪዞና ግዛት ገበሬዎች ከ1996 ጀምሮ መጠለያውን በአግባቡ ዘሩ፤ አሥር ዓመት ያህል ትሉ ተጠቂ ሆኖ ቆየ። ከ2006 ጀምሮ መጠለያው በአመዛኙ ቀረና በምትኩ በጨረር የመከኑ የእሳት እራቶች በአውሮፕላን ይለቀቁ ጀመር። በ2018 አሜሪካ ከጥጥ አብቃይ ግዛቶቿ ትሉ መጥፋቱን አወጀች። በሕንድ ቢቲ ጥጥ በ2002 ተፈቀደ። 450 ግራም ቢቲ ዘር ከ120 ግራም ተራ ዘር ጋር ለየብቻው ታሽጎ ይሸጥ ነበር፤ አብዛኛው ገበሬ ትንሿን እሽግ አልዘራትም። ጥጡ ረጅም ወራት ማሳ ላይ ይቆያል። ዲቃላ ስለሆነም በአንዱ ፍሬ ውስጥ ካሉት የጥጥ ዘሮች ሩብ ያህሉ ፕሮቲኑ የላቸውም፤ ትሉ ከዘር ወደ ዘር ሲሄድ ቀምሶ የማይሞትበት መጠን ያገኛል። በ2010 መላመዱ ይፋ ሆነ። በ2006 የተጨመረው ሁለተኛው ፕሮቲን ክራይ2ኤቢም ከነጠላው ዘር ጎን ለጎን ስለተዘራ በ2010ሮቹ አጋማሽ ተሸነፈ። በቻይና የያንግዜ ሸለቆ ደግሞ መጠለያ በመመሪያ የተጣለ ግዴታ አልነበረም፣ መላመዱም ማቆጥቆጥ ጀምሮ ነበር። ዘር አምራቾች ለወጪ ቅነሳ ሲሉ የዲቃላውን ሁለተኛ ትውልድ ዘር መሸጥ ሲጀምሩ በማሳው ውስጥ ከአራት ተክል አንዱ ያለ ፕሮቲን በቀለ፤ ሳይታሰብ መጠለያ ተፈጠረ። የተቋቋሚ ትሎች ድርሻ ወደ ታች መመለሱ በ2017 በታተመ ጥናት ተረጋገጠ። እነዚህን ሦስት ቦታዎች አጠገብ ለአጠገብ ላየ ሰው፣ በርዕሱ ላይ ያለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።

ስለ ድርብ ፕሮቲን ትንሽ ልጨምር፤ ብዙ ሰው «ሁለት ካለው ይበቃል» ብሎ ስለሚያስብ። ሁለት ፕሮቲን የሚጠቅመው ሁለቱም ትሉን በየራሳቸው መግደል ሲችሉና በተለያየ ተቀባይ ላይ ሲጣበቁ ነው። ክራይ1ኤቢ፣ ክራይ1ኤሲና ክራይ1ኤ.105 የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ አንዱን የተላመደ ትል ሌሎቹንም በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ይቋቋማል። ክራይ2ኤቢ የተለየ ነው፤ ቪፕ3ኤ የተባለው ሌላ የባክቴሪያው ፕሮቲን ደግሞ ከክራዮቹ ሁሉ ተቀባዩ ይለያል። ስለዚህ ከረጢቱ ላይ የፕሮቲኖቹን ቁጥር ሳይሆን ስማቸውን ያንብቡ። አንደኛው ቀድሞ የተሸነፈ ከሆነ ድርብ የተባለው ዘር በተግባር ነጠላ ነው፤ የዕድሜው ርዝመትም የነጠላ ነው።

አሁን እርስዎ ወዳዩት ትል። በቢቲ በቆሎ ላይ በሕይወት ያለ ትል መታየቱ ብቻውን የመላመድ ማስረጃ አይደለም። ትሉ ለመሞት መብላት አለበት፤ ስለዚህ ከእንቁላል በወጣ በሁለትና በሦስት ቀኑ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆን ትልና በቅጠሉ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል ብሳት ማየት የተለመደ ነው። የሚያሳስበው ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ያደገና አሁንም የሚበላ ትል ነው። ያም ቢሆን ከመደምደም በፊት የሚመረመሩ ነገሮች አሉ።

መጀመሪያ ተክሉ በእርግጥ ቢቲ መሆኑን ያረጋግጡ። ለዚህ የፕሮቲን መመርመሪያ ወረቀት አለ። ከቅጠሉ የጣት ጥፍር የሚያህል ቆርጠው በትንሹ ቱቦ ውስጥ ከፈሳሹ ጋር ይጨቅጭቁት፣ ወረቀቱን ይንከሩት፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ሁለት መስመር ከታየ ፕሮቲኑ አለ፤ ላይኛው የመቆጣጠሪያ መስመር ብቻ ከታየ የለም፤ የመቆጣጠሪያው መስመር ራሱ ካልወጣ ወረቀቱ ተበላሽቷልና ይድገሙት። ወረቀቱ ለአንድ ስም ላለው ፕሮቲን ብቻ የተሠራ ስለሆነ የክራይ1ኤፍ ወረቀት ክራይ2ኤቢን አያሳይም። በዚህ ደረጃ የሚገኘው ብዙ ጊዜ የሐሰት ዘር፣ ከዓመት ዓመት ተቀምጦ የተዘራ የዲቃላ ዘር፣ ወይም ሆን ተብሎ 5 በመቶ ተራ ዘር የተቀላቀለበት ከረጢት ነው። ትሉ የተገኘው በተራው ተክል ላይ ከሆነ ምንም ችግር የለም።

ቀጥሎ ትሉን ይለዩ። መጤ ተምች በግንባሩ ላይ የተገለበጠ የላቲን «ዋይ» ቅርጽ፣ በጅራቱ በኩል ደግሞ በካሬ የተደረደሩ አራት ጥቁር ነጥቦች አሉት። ዘሩ ለአገዳ ቆርቁር ተብሎ የተሠራ ከሆነ ሌላ ዓይነት ትል መትረፉ አይገርምም። መጣጭ ነፍሳትን፣ እንደ ክሽክሽና ነጭ ዝንብ ያሉትን፣ እነዚህ የቢቲ ሰብሎች ጨርሶ አይነኩም። ከዚያም ትሉ የተገኘበትን ቦታ ይመልከቱ። በማሳው ዳር ባለ ሣር ላይ ያደገ ትልቅ ትል ወደ ቢቲው ሲሻገር ፕሮቲኑ ቶሎ አይገድለውም፤ ስለዚህ ከዳር ያሉትን ጥቂት መስመሮች ዘልለው ይቁጠሩ። ረጅም ድርቅ፣ ውሃ መተኛት፣ በጥጥ ላይ ደግሞ የወቅቱ መጨረሻ የፕሮቲኑን መጠን እንደሚቀንሱ አይርሱ።

ቆጠራው ቀላል ነው። በማሳው ውስጥ አምስት ቦታ ይምረጡ፤ በእያንዳንዱ 20 ተከታታይ ተክል ይዩ፣ በድምሩ 100። ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ሕያው ትል ያለባቸውን ብቻ ይመዝግቡ። ያንኑ በቅርብ ባለ ተራ በቆሎ ላይ ይድገሙት። በቢቲው ላይ ያለው ከተራው ጋር ከተቀራረበ ጉዳዩ እውነተኛ ነው። ያኔ ትሎቹን አይግደሏቸው፤ ሃምሳና ከዚያ በላይ ሰብስበው አየር በሚገባበት ዕቃ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ፣ ከተራ በቆሎ ቅጠል ጋር በጥላ ስፍራ ያስቀምጡና ለግብርና ምርምር ተቋም ያድርሱ። ለየብቻ ያልኩት መጤ ተምችና ጓይ ትል እርስ በርስ ስለሚበላሉ ነው፤ አንድ ዕቃ ውስጥ ከተጨመሩ በማግስቱ የሚያገኙት ጥቂት ወፋፍራሞችን ነው። አልኮል ውስጥ የተቀመጠ ትል ማንነቱን እንጂ መቋቋሙን አይናገርም።

ጉዳቱ ርጭት የሚያስፈልገው ደረጃ ከደረሰ፣ የቢቲ ርጭት ምርጫ አይደለም፤ ያው አንድ ወገን ነው። በፀረ ተባይ ዕቃ ላይ የሚጻፈውን የአሠራር ምድብ ቁጥር ይፈልጉ፦ ቢቲ 11 ነው። ከእሱ የሚለዩት ለምሳሌ ስፒኖሳድና ስፒኔቶራም በምድብ 5፣ ኢማሜክቲን ቤንዞኤት በምድብ 6፣ ክሎራንትራኒሊፕሮል በምድብ 28 ናቸው። ዘሩ ሲገዛ በምድብ 28 መድኃኒት ተለውሶ ከሆነ የመጀመሪያውን ርጭት ከሌላ ምድብ ያድርጉት፤ በየትውልዱ፣ ማለትም በየወሩ ገደማ፣ ምድቡን ይቀይሩ። ትሉ ወደ በቆሎው እንቡጥ ዘልቆ ከተሸሸገ በኋላ የሚረጨው አብዛኛው ብክነት ነው። መጠኑን፣ የመከላከያ ልብሱንና እስከ አጨዳ የሚጠበቀውን ቀን በተመለከተ የዕቃውን መመሪያ የሚሽር ምክር ከማንም፣ ከእኔም ጭምር፣ አይቀበሉ።

ስለ መጠለያው አዘራር ሰዎች የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። መጠኑ በዘሩ ላይ የተጻፈው ነው፤ በአሜሪካ የበቆሎ ቀበቶ ለነጠላ ፕሮቲን 20 በመቶ፣ ለድርብ ፕሮቲን 5 በመቶ ሲሆን ጥጥ በሚበቅልባቸው ክልሎች ወደ 50ና 20 በመቶ ያድጋል። በ100 በ100 ሜትር ማሳ፣ መስመሮቹ በ75 ሴንቲ ሜትር ከተራራቁ 133 መስመር ይኖራል፤ 20 በመቶው 27 መስመር ያህል ነው። በአንድ ወገን በጅምላ፣ ወይም ቢያንስ አራት አራት መስመር ሆኖ በየመሃሉ ሊዘራ ይችላል። ነጠላ ነጠላ መስመር ማሰባጠር ግን አይሆንም፤ ትሎች ከተራው ተክል ወደ ቢቲው እየተሻገሩ የማይገድል መጠን ይቀምሳሉ። መጠለያውን ለብቻው በሌላ ቦታ የሚዘሩ ከሆነ ከ800 ሜትር አይራቅ፤ የእሳት እራቶቹ መገናኘት አለባቸው። በዚያው ሳምንት፣ በብስለት ጊዜው ተቀራራቢ በሆነ ዝርያ ይዘራ፤ ወር ዘግይቶ የተዘራ መጠለያ እራቶቹን የሚያወጣው ቢቲው ላይ ያሉት ተጋብተው ካበቁ በኋላ ነው። በመጠለያው ላይ የቢቲ ርጭት አይረጭም። ሌላ መድኃኒትም የሚረጨው ጉዳቱ ሲበዛ ብቻ ነው፤ በየሳምንቱ የሚረጭ መጠለያ ተጠቂ እራት አያወጣም፣ ስለዚህ መጠለያ አይባልም። ለመጠለያ ጭንጫውን መሬት የሚሰጡም አሉ፤ በደካማ ተክል ላይ ትሉም ደካማ ነው፣ ቁጥሩም አይሞላም። አስቀድሞ ተቀላቅሎ የሚመጣ ዘር ቸልተኝነትን ያስቀራል፤ ነገር ግን እሸቱን በሚበሉ ትሎች ላይ ድክመት አለው፣ ምክንያቱም የቢቲው ብናኝ የተራውን በቆሎ እሸት ስለሚያዳቅል ከፊል ፍሬው ቢቲ፣ ከፊሉ ተራ ይሆናል።

ከአጨዳ በኋላ ያለው ሥራም የመላመድ መከላከያ ነው፣ ሰው ግን ጽዳት ብቻ ይመስለዋል። በጥጥ ላይ ሮዝ ጓይ ትል በቀሩ ፍሬዎችና በአፈር ውስጥ ስለሚያሳልፍ ምርቱን ቶሎ ጨርሶ ግንዱን መንቀልና ማጥፋት ያስፈልጋል፤ በማሳ ዳር የተከመረ ግንድ ለሚቀጥለው ወቅት ትል ማቆያ ነው። በአውስትራሊያ ቢቲ ጥጥ ከተለቀመ በኋላ ማሳውን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ማረስ ግዴታ ተደርጎ የነበረው ከአፈር ውስጥ ያለውን ሙሽሬ ለማጥፋት ነው።

ቢቲ የማይፈታውንም ልናገር። ትሉን ለማጥፋት ይረጭ የነበረው ሲቀንስ፣ በርጭቱ ታፍነው የነበሩ ሌሎች ነፍሳት ይነሳሉ። በሰሜን ቻይና ቢቲ ጥጥ ከተስፋፋ በኋላ ሚሪድ የሚባሉት መጣጭ ትኋኖች በጥጡ ብቻ ሳይሆን በአካባቢው የፍራፍሬ ተክሎችም ላይ በዙ። ስለዚህ «ከእንግዲህ መርጨት ቀረ» ብሎ ዘር የሚሸጥ ሰው አይመኑ። በአንጻሩ ጥቅሙም ከዘሪው አልፎ ይሄዳል፦ በ2010 የታተመ ጥናት በአምስት የአሜሪካ ግዛቶች በ14 ዓመት ውስጥ የአውሮፓ አገዳ ቆርቁር በመቀነሱ ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ጥቅም መገኘቱን፣ ከዚህም ከ4 ቢሊዮን በላይ የሚሆነው የደረሰው ተራ በቆሎ ለዘሩ ገበሬዎች መሆኑን አሳይቷል። መጠለያውም የዚህ አካል ነው፤ በዙሪያው ቢቲ ባለበት ቦታ መጠለያው ላይ የሚደርሰው ጉዳት እርስዎ የሚፈሩትን ያህል አይሆንም። ይህ የሚሆነው ግን ትሉ ገና ተጠቂ እስከሆነ ድረስ ነው።

ምክሬ ቁርጥ ነው፦ መጠለያውን በሙሉ መጠኑ ለመዝራት ካልወሰኑ ዘሩን አይግዙ። ተራ ዘር በወቅቱ ዘርቶ በየሳምንቱ ማሳውን እየፈተሹ ገና ትንሽ ሳለ መርጨት፣ ያለ መጠለያ ቢቲ ከመዝራት ይሻላል፤ ሁለተኛው ለሁለት ለሦስት ወቅት ይጠቅምዎትና ለእርስዎም ለጎረቤትዎም ፕሮቲኑን ያበላሻል። መጠለያውን ከዘሩና ዋና ችግርዎ በእርግጥ ዘሩ የሚገድለው ትል ከሆነ ግን ከሁለት ያላነሱ የማይዛመዱ ፕሮቲኖች የያዘውን ይምረጡ። ከመግዛትዎ በፊት ትሉን ወዳዩበት ማሳ ይመለሱና በመመርመሪያ ወረቀቱና በ100 ተክል ቆጠራው ያጣሩት። ተክሉ ቢቲ ሆኖ ትሉም አድጎ ከተገኘ፣ በዚያ ዘር ከረጢት ላይ ስሙ የተጻፈውን ፕሮቲንና የቅርብ ዘመዶቹን ከዝርዝርዎ ይሰርዙ፤ ከቀሩት ውስጥ ሁለት የሚሠሩ ካላገኙ ዘንድሮ ተራውን ይዝሩ።